ከላይ ሆኖ መቆየት

ጀሞ፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ አባይነህ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና በመልካም ቀን እጅዎ ይግባ። የጌታ ሰላም ከእርስዎ፣ ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ይሁን። እኛ ቤት ሁሉም ደህና ነው። እማዬን አልፎ አልፎ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት፤ ወንድሜ ቃለሕይወትም ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቶልናል።

እኔን አያውቁኝም። ሚካል እባላለሁ፤ የተሾመች የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እማዬ የአክስትዎ ልጅ ስለሆነች ዝምድናውን እርስዎ ይቆጥሩታል። እኔ የማውቅዎት ሆሳዕና፣ አያቴ ሳሎን ከተሰቀለው ፎቶ ነው፤ የመርከበኛ ቆብ አድርገው፣ ገና ፂም ሳያወጡ። ሳንቶስ ወደብ ላይ ከመርከብ ወርደው ብራዚል ቀሩ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው።

የአጎቴ ልጅ ቤተልሄም፣ ሆስተሷ፣ ሳኦ ፓውሎ እንዳገኘችዎት ነገረችኝ። «ጁጂትሱ ይሠራሉ፤ ቡናማ ቀበቶ አላቸው» ስትለኝ ጮኼ ጎረቤት አስደነገጥኩ። ምክንያቱም እኔም ይህን የብራዚል ትግል እሠራለሁ። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ሰማያዊ ቀበቶ ነኝ። ጎፋ ውስጥ ድሮ የጣውላ መጋዘን የነበረ አዳራሽ አለን፤ አሠልጣኛችን ኮርሳ ይባላል።

ልኩራራ አይደለም እንጂ ጥሩ ነኝ። በመጋቢት መጨረሻ ኮርሳ ለናይሮቢ ውድድር ሰው ይመርጣል። በእኔ ክብደት የምትሄደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ወይ እኔ ነኝ ወይ ጓደኛዬ ትሕትና። በመስከረም ለሙከራ አጋጥሞን አሸንፋኛለች። መሄድ የምፈልገውን ያህል ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም። ድክመቴንም አውቀዋለሁ፤ የግራ እግሬ ሰነፍ ነው፣ አንገቴም ቀጭን ነው። ለእነዚህ የሚሆን ልምምድ ቢጽፉልኝ፣ ከተቻለም አንድ ጥሩ የመታገያ ልብስ፣ ጊ፣ ቢልኩልኝ። የእኔ ጊ ኮሌታው ተተልትሎ ልብስ ሰፊው ራሱ ሰልችቶታል። በቴሌግራም ቪዲዮ ልልክልዎት እችላለሁ።

አንድ አደራ አለኝ። እማዬ ስፖርት ቤት እንደምሄድ ነው የምታውቀው። ምን ዓይነት ስፖርት እንደሆነ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። በስልክ ካገኟት ይህን ነገር አያንሱባት። ሰላምታዋን ልካለች፤ «መቼ ነው የሚመጣው በይልኝ» ብላለች።

አክባሪ ልጅዎ
ሚካል


ሳንቶስ፣ ብራዚል
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚካል፣

እግዚአብሔር ጤናና ጉልበት ይስጥሽ፤ ጉልበት ስል የእናትሽንም ጉልበት ጨምሬ ነው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። መርከቦቹ ብቻ ደህና አይደሉም፤ በየሳምንቱ አንዱ ሞተሩ ታሞ ይመጣል፣ እኔም እንጀራዬን እበላለሁ።

የተሾመች ልጅ ሰው ስታንቅ ታየችኝና ብቻዬን ሳቅሁ። እናትሽ እኮ በልጅነቷ ዶሮ ሲታረድ ከቤት የምትወጣ ሰው ነበረች። አይዞሽ፣ አልነግራትም። ግን ዋሽቻትም አላውቅም፤ ከጠየቀችኝ እንግዲህ ዕዳው ያንቺ ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ጊ አልልክልሽም። ኮሌታው ካለቀ በሌላ ጨርቅ አስደርቢው። ቪዲዮም አትላኪልኝ፤ ቴሌግራም የሚባለውን ልጆቼ ጭነውልኝ አጥፍቼዋለሁ። ሰው በቪዲዮ የሚልከው ያሸነፈበትን ነው። የተሸነፈበትን ቢልክ እንኳ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ቆርጦ ነው። እኔ የምፈልገው በእጅሽ እንድትጽፊልኝ ነው። የተሸነፍሽባቸውን ግጥሚያዎች ምረጪና ከመሸነፍሽ በፊት የት እንደነበርሽ፣ ምን እንዳደረግሽ፣ ምን እንዳሰብሽ ጻፊልኝ። ስትጽፊ ያፈርሽበትን ቦታ እንዳትዘዪው።

ስለ ግራ እግርሽ ያልሽውን ለጊዜው ይዤዋለሁ። አላመንኩሽም ግን። የመርከብ ካፒቴን መጥቶ «እዚህ ጋ ይንኳኳል» ይለኛል፤ የሚንኳኳው እሱ ያለበት ቦታ ነው፣ የተበላሸው ግን ሌላ ቦታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ፤ በሽታውን የተሳሳተም ያው ነው።

ቤተልሄም ያረፈችበት ሆቴል ድረስ ሄጄ ይህን እሰጣታለሁ። በቶሎ መልሺ፤ መጋቢት ሩቅ አይደለም።

አጎትሽ
አባይነህ


ጀሞ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ አባይነህ፣

ሰላምና በረከት ከዚያ ቤት አይጥፋ። ጊውን ከልክለውኝ እንኳ ስለ መለሱልኝ አመሰግናለሁ። ልብስ ሰፊው የአንሶላ ጨርቅ ደርቦልኛል፤ ቡድኑ ውስጥ አበባ ያለበት ኮሌታ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።

ያሉኝን ጻፍኩ። ሳይጽፉት ቀላል ይመስላል፤ ሰው የተሸነፈበትን ሲጽፍ ሆዱን ያመዋል።

አንደኛው ከሮበሌ ጋር ነው። ሮበሌ ጎፋ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው፤ የልጅ ልጆች ያሉት፣ ከሁላችንም የሚበልጥ ሰው ነው። በጎን በኩል ተጭኜው ነበር፣ ጥሩ አድርጌ። ሲያቃስት ሰማሁትና ትንፋሽ ያጠረው መስሎኝ ትንሽ ቀለል አልኩለት። ወዲያው ገልብጦ ክንዴን ቆለፈው፤ እጅ ሰጠሁ። «ምን ሆነሽ ነው?» ሲለኝ ግራ እግሬ ዘገየብኝ አልኩት።

ሁለተኛው ከምስጢር ጋር ነው። ከጀመረች ገና ወራት ነው። ደረቷ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ፀጉሯ በክርኔ ስር ተይዞ አየሁ። «ይቅርታ የኔ ቆንጆ» ብዬ ላስለቅቅላት እጄን ከምንጣፉ ሳነሣ ወደዚያ በኩል ወረወረችኝ። ሁሉም አጨበጨበላት።

ሦስተኛው የመስከረሙ ነው፣ ከትሕትና ጋር። ከላይ ነበርኩ። ተንሸራተትኩ። ከጀርባዬ ገብታ አነቀችኝ።

እንግዲህ ይኸው ነው። እንዳሉኝ ምንም አልዘለልኩም። ጊው ይቅርና ለጉልበት የሚጠለቅ ጥሩ መደገፊያ ካገኙ አንድ ይላኩልኝ፤ ለግራ እግሬ።

እማዬ አሁንም «መቼ ነው የሚመጣው» እያለች ነው። በፊተኛው ደብዳቤዎ አልመለሱላትም።

ልጅዎ ሚካል


ሳንቶስ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚካል፣

ፈጣሪ ማስተዋሉን ያብዛልሽ፤ ትንሽ ያስፈልግሻልና።

ደብዳቤሽን የወደቡ ካፌ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እስቲ አንቺም የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢው። ሮበሌን ከላይ ሆነሽ ተጭነሽዋል። ምስጢርን ደረቷ ላይ ተቀምጠሻል። ከትሕትናም ጋር ከላይ ነበርሽ። የግራ እግርሽ የታለ? የትም የለበትም። እግርሽ ጤነኛ ነው፤ ስሙን አታጥፊው። አንገትሽም ቢሆን ማንም አልነካውም፣ አንቺ ራስሽ እስክትሰጪያቸው ድረስ።

በዚህ ጨዋታ የሚሰቃየው ከስር ያለው ነው። ከላይ ያለው ይረጋል፣ ይተነፍሳል፣ ክብደቱን ይጥላል፣ ይጠብቃል። አንቺ ግን የተገላቢጦሽ ነሽ። ከስር ስትሆኚ እንደ ነብር ነው የምትታገዪው መሰለኝ፤ ከላይ ስትወጪ ግን የሰው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ትሆኛለሽ። አንዱ ሲያቃስት ትነሻለሽ፣ የአንዷ ፀጉር ሲያዝ ትነሻለሽ። ድክመትሽ ከላይ መቆየት አለመቻልሽ ነው። እዚህ እኔ አስተምራቸው የነበሩ ልጆች ይህ ድክመት የለባቸውም፤ የእነሱ ችግር ሌላ ነው፣ አንዴ ከተቀመጡብሽ ኪራይ የከፈሉ ነው የሚመስላቸው።

አሁን ወደ ሦስተኛው። ውሸት ነው። ከሥራዬ ጋር ስለሚሄድ ስለ መንሸራተት አውቃለሁ፤ ሰው ዘይት ላይ ይንሸራተታል፣ ደረጃ ላይ ይንሸራተታል። ሰው ላይ የተቀመጠ ሰው ወዴት ነው የሚንሸራተተው? ሌሎቹን በደንብ ጽፈሽ እሱን በአንድ መስመር አለፍሽው። ምከረው ምከረው እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ፤ አንቺን መከራው ራሱ መክሮሻል፣ አልሰማሽውም እንጂ።

የመስከረሙን እንደገና እስክትጽፊ ድረስ ከእኔ ምክር የለም። የጉልበት መደገፊያም የለም።

አባይነህ


ጀሞ
ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ አባይነህ፣

ጌታ ይባርክዎት፣ ከነቤተሰብዎ። መልሴ ዘገየ። የበረራ ችግር አይደለም፤ ቤተልሄም እዚያ ተመላልሳ «ደብዳቤ የለሽም?» ብላኛለች፣ «የለኝም» ብያታለሁ። ተናድጄብዎት ነበር። የገናን በዓልም ተናድጄ ነው የዋልኩት። ሰው የማያውቀውን ልጅ እንዲህ ይናገራል? ብዬ ቃለሕይወትን ስጠይቀው «ግን ልክ ናቸው?» አለኝ። ከእሱም ጋር ተኳረፍን።

ልክ ነዎት። አልተንሸራተትኩም።

የመስከረሙ ግጥሚያ ዕለት ትሕትናን ከጅምሩ ጣልኳት፤ ደረቷ ላይ ወጣሁ፣ ኮሌታዋን ይዤ ማነቂያውን አስገባሁ። ትንሽ ቢቀረኝ ነው። ያኔ በሩ ተከፈተና ጋሽ መኩሪያ ገቡ። ጋሽ መኩሪያ ማለት የብሎካችን የእድር ዳኛ ናቸው፤ አባቴ ሲያርፍ ድንኳን ያስተከሉልን እሳቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ነው የመጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንደምን ዋላችሁ ልጆች» አሉ።

እኔ ብድግ አልኩ።

እንዴት ብዬ ላስረዳዎት ጋሼ፣ አስቤው አይደለም። ጉልበቴ ነው የተነሣው። ትሕትናን እንደተቀመጥኩባት «ኖር ጋሼ!» ብዬ ብድግ አልኩ። እሳቸውም «በእግዜር ልጄ፣ ኧረ ተቀመጪ» አሉ። መቀመጫዬ ግን በቦታው አልነበረችም፤ ከጀርባዬ ሆና አንገቴን ይዛለች። አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ኮርሳ ግድግዳውን ተደግፎ እንባውን ነበር የሚጠርገው። ጋሽ መኩሪያ ብቻ አልሳቁም። እማዬን ሲያገኟት «ልጅሽ ጨዋ ናት» ብለዋታል፤ የት እንዳገኙኝ አልነገሯትም። እማዬ ሳምንቱን ሙሉ በደስታ ፈክታ ነበር።

አፍሬ ነው የዋሸሁት። ለዳኛ መነሣት ጥሩ ነገር ነው፤ ናይሮቢን የሚያህል ነገር አሳልፎ መስጠት ግን እብደት ነው። አሁን ምን ላድርግ? መደገፊያውን አልፈልግም። መድኃኒቱን ይንገሩኝ።

ሚካል


ሳንቶስ
የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለሚካል፣

ዕድሜሽ ይርዘም፤ የእኔን አርዝመሽልኛልና። ሳቄን ሰምታ ባለቤቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። ነገሩን በፖርቱጋልኛ ልነግራት ሞከርኩ፤ «ሽማግሌው ስለገባ ልጅቷ ከደረቷ ላይ ተነሣች» አልኳት። «ሽማግሌው ምን አደረጋት?» አለችኝ። ተውኩት። ብራዚል ውስጥ ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው የለም፤ እኔ ግን ይኸው እስካሁን መሥሪያ ቤት አለቃ ሲገባ መፍቻዬን ጥዬ ነው የምነሣው።

ሥራሽን ቤተልሄምን ጠየቅኋት። ለቡ መብራት ኃይል የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነሽ አለችኝ። በይ እንግዲህ! ቀኑን ሙሉ በር ሲከፈት እየተነሣሽ «እንኳን ደህና መጡ» ትያለሽ። ማታ ደግሞ ተሾመች ቤት ትገቢያለሽ፤ እሷን እንደሆነ አውቃታለሁ፣ ሕፃን ቢገባ እንኳ የምትነሣ ናት። በክፍለ ከተማው ተላላኪ ሆና ለደወል ስትነሣ ነው ጡረታ የወጣችው። አንቺ ከዚህ ሁሉ ወጥተሽ ሰው ደረት ላይ ተረጋግተሽ ተቀመጪ ሲሉሽ ከየት ታመጪዋለሽ?

ጨዋነትሽን ጣዪው አልልሽም። ብልሽ እናትሽ ባሕር ተሻግራ ትገለኛለች። እኔ የምልሽ ይህን ነው፤ ሰላምታን በአፍሽ ስጪ፣ ደረትሽን አታንሺ። «ኖር» በይ፣ በፈገግታ በይ፣ ከፈለግሽ «ቤተሰብ እንዴት ነው» ብለሽ ጨምሪበት፤ ክብደትሽ ግን ካለበት ንቅንቅ እንዳይል። ሰው ሁለቱን ባንድ ላይ መቻል ይችላል። የሚለመድ ነገር ነው፣ እንደ ማንኛውም አያያዝ።

ኮርሳን ለምኚው። ከላይ ሆነሽ በምትለማመጂ ጊዜ ሰው ያስገባብሽ። በር ይከፈት፣ ሰላምታ ይምጣ፣ ዕቃ ይውደቅ። ሮበሌን ደግሞ ለይስሙላ እንዲያቃስት ንገሪው። የምር ከታመመ በእጁ መታ መታ ያደርጋል፤ ምልክቱ ለዚሁ ነው የተፈጠረው። ምልክቱን ሳያሳይሽ ብታዝኚለት እንደ መናቅ ነው የምቆጥረው። ትልቅ ሰው ነው እኮ፣ በቃኝ ማለት ያውቃል።

አባይነህ


ጀሞ
የካቲት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሽ አባይነህ፣

የጌታ ምሕረት ይከተልዎ! ጎፋ ጉድ ፈልቷል።

ያሉኝን ለኮርሳ ሳነብለት ዓይኑ በራ። በማግስቱ መጣሁና ሮበሌን እንደያዝኩ በሩ ተከፈተ። ገዲሴ ናት፤ በር ላይ ሻይ የምትሸጠው። ትሪ ይዛ «እንዴት አመሻችሁ! ሻይ የሚፈልግ?» አለች። ወገቤ ሊነሣ ነው። ሮበሌ ከስር «አቦ ሞትኩ፣ ልጆቼን አደራ» እያለ ያቃስታል። ሳቄ መጣና ገለበጠኝ።

በሌላው ቀን ምስጢር የቤት አከራይ ሆና ገባች፤ በሌላው ኮርሳ ራሱ ወጥቶ ገባ። መጀመሪያ አካባቢ ሁሌም እነሣ ነበር፤ ቀስ በቀስ ትከሻዬ ብቻ ቀረ፣ ከዚያም አንገቴ ብቻ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት ውሸት አይደለም። ያቃተኝ ጋሽ መኩሪያ ላይ ነበር። ኮርሳ ሄዶ ነገራቸውና፣ ምን ይላሉ መሰለዎት? «ልጅቷን የጣልኳት እኔ ነኝ፣ እኔው ላንሣት» አሉ። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ። በሩ ጋ ቆመው ጋቢያቸውን አስተካክለው «ልግባ?» ብለው ኮርሳን ይጠይቁታል። ከዚያ ሰላምታቸውን እየጎተቱ፣ «ልጄ፣ እናትሽ እንዴት ናት? ጉልበቷስ?» እያሉ በምንጣፉ ዙሪያ ይመላለሳሉ። ባለፈው ሐሙስ ትሕትናን ይዤ «ኖር ጋሼ፣ ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳቸው፣ ትሕትናም እጅ ሰጠች። ጋሽ መኩሪያ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩት።

ትሕትና ራሷ «አሁን ከብደሻል» አለችኝ። ሚዛን ላይ ግን ያው ነኝ።

አሁን ተራው የኔ ነው፣ ጋሼ። ደብዳቤዎችዎን ደርድሬ አነበብኳቸው፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። የሰውን ድክመት ሲያገኙ የሚስተካከልዎት የለም። የራስዎን ሽንፈት ግን አንድም ቦታ አልጻፉም። እማዬ ያለመታከት የጠየቀችውንም አልመለሱም። እርስዎስ የሚሸነፉት የት ላይ ነው? ያፈሩበትን ቦታ ሳይዘሉ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሚካል


ሳንቶስ
መጋቢት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚካል፣

አምላክ ይጠብቅሽ፤ እኔንም ካንቺ ይጠብቀኝ።

ይገባኛል። እንዲህ ነው። ባለፈው ወር እዚህ በእኔ ዕድሜ ላሉ ሰዎች ውድድር ነበርና ገባሁ። የገጠመኝ ፂሙ የሸበተ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከስር ሆኜ በእግሬ አቅፌ ያዝኩት፤ ምንም ሊያደርገኝ አልቻለም። እኔም ምንም አላደረግሁትም። ጥሩ ጊዜ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሰዓቱ አለቀና ዳኛው የእሱን እጅ አነሣ። ሁሌም የምሸነፈው እንዲህ ነው፣ ምቹ ጊዜ ስጠብቅ። ቡናማ ቀበቶዬ ወደ ጥቁሩ ሳይሻገር ወገቤ ላይ የነጣው ለዚህ ይመስለኛል።

ለእናትሽም ያልመለስኩላት በዚሁ ምክንያት ነው። ሥራው ቀለል ሲል፣ ልጆቹ ሲያድጉ እያልኩ። መልሱን ግን ባንቺ በኩል አልልክም፤ ራሴ እደውልላታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከመጋቢቱ ግጥሚያ በፊት ለተሾመች ንገሪያት። በዚያ ቀን አእምሮሽ በር በሩን እንዳያይ። ከምንጣፉ ላይ ሆነሽ የምትፈሪው ሰው ካለ እሱ ነው ገልብጦ የሚጥልሽ፤ ትሕትና ከእሱ በኋላ ነው የምትደርሰው።

ሂጂና ጣያት። አምንሻለሁ።

አባይነህ


ጀሞ
መጋቢት 28 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሽ አባይነህ፣

ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን! ናይሮቢ የምሄደው እኔ ነኝ።

ከሥሩ ጀምሬ ልንገርዎት። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ለእማዬ ነገርኳት። «እማ፣ ስፖርት ቤት የምሠራው ትግል ነው፤ ሰው እጥላለሁ፣ አንቃለሁ፣ ዛሬ ግጥሚያ አለኝ» አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ሴት ናት ወንድ የምትጥዪው?» አለችኝ። ሁለቱንም አልኳት። ነጠላዋን አንሥታ ወደ ጸሎት ፕሮግራሟ ሄደች። እኔም ታክሲ ይዤ ጎፋ ሄድኩ።

ትሕትና በጣም ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። መጀመሪያ ላይ ጣለችኝና ከስር ሆኜ ብዙ ታገልኩ። እግሬን አስገብቼ ገለበጥኳት፣ በግራው ነው የገለበጥኳት፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። በጎን ተጫንኳት፣ ከዚያ ደረቷ ላይ ወጣሁ። አንዱን እጄን ኮሌታዋ ውስጥ አስገባሁ። ሁለተኛውን እየፈለግሁ ሳለ በሩ ተከፈተ።

ጋሽ መኩሪያ መስለውኝ «ኖር ጋሼ» ልል ነበር። «ሚኪዬ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

እማዬ ናት። ጸሎቱን አቋርጣ፣ አዳራሹን በጥያቄ አግኝታ፣ ነጠላዋን እንደለበሰች በሩ ላይ ቆማለች። ጋሼ፣ ለእማዬ ሳልነሣላት የቀረሁበት ቀን የለም። ሰውነቴ በሙሉ ወደ እሷ ሊሄድ ፈለገ፤ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ጣቶቼ ላልተው ነበር። ትሕትናም ታውቀኛለች፣ ልትገለብጠኝ ወገቧን አዘጋጅታ ነው የምትጠብቀው። ትንፋሼን ወደ ታች ለቀቅሁ፣ ደረቴን ደረቷ ላይ ጣልኩ። «አቤት እማ! ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ እየመጣሁ ነው» አልኳት። ሁለተኛውን እጄንም አስገባሁ። ትሕትና በቻለችው ሁሉ ታገለች፣ ጎበዝ ናት። መጨረሻ ላይ ክንዴን መታ መታ አደረገች።

ተቃቅፈን አለቀስን። «ናይሮቢ ሄደሽ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ብትነሺ እኔ ነኝ የማንቅሽ» ብላኛለች። ኮርሳ ስሜን ጻፈ። ውድድሩ ግንቦት ላይ ነው።

እማዬን እስካሁን ምን እንደተሰማት ጠይቄያት አልነገረችኝም። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላለች፤ «ቦታ ተይልኝ፣ እኔም የምጽፍለት አለኝ» ብላ እስክሪብቶውን ልትወስድብኝ ነው። ምን እንደምትጽፍ እንዳላይ ወደ ጓዳ ግቢ እያለችኝ ነው።

ሁሌም የማመሰግንዎት
ሚካል


ወንድሜ አባይነህ፣

ጌታ ይባርክህ። ስለ ደወልክልኝ ደስ ብሎኛል፤ መስከረም እመጣለሁ ያልከውን ይዤሃለሁ።

ልጅቷን ልመልሳት ነበር የሄድኩት። ይዣት ልወጣ። በሩን ስከፍት የሰው ልጅ ላይ ተቀምጣ አየኋትና አፈርኩ። ጠራኋት። እንደምትነሣ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኋት። እኔ ደወል ሲጮህ ስነሣ፣ አለቃ ሲገባ ስነሣ፣ የአለቃ ሾፌር ሲገባ ስነሣ ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ዛሬም በር ሲንኳኳ ይሄ የታመመ ጉልበቴ ይቀድመኛል። ተቀምጬ የጨረስኩት ምሳ ትዝ አይለኝም።

እሷ ግን «ቁጭ በይ እማ» አለችኝ። ከኋላዬ የደረሱት መኩሪያ ወንበር ሰጡኝ፣ ቁጭ አልኩ። ሥራዋን ጨርሳ መጥታ ጉልበቴን ሳመችኝና «ይቅርታ እማ፣ ሳልነሣልሽ» አለችኝ። መልስ መስጠት አቃተኝ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። እስካሁንም አልመለስኩላት። ላንተ ልጻፈው፣ አንተ ንገራት።

ልጄ ለእኔ እንኳ አልተነሣችም። እሰይ!

እህትህ ተሾመች